በመግነጢሳዊ መስክ የሚቃኝ ፌራይት በሬዲዮ ድግግሞሽ ካቪቲ ውስጥ፦ የፈርሚላብ ቡስተር እንደ ማሳያ

የጥያቄው ምንጭ

ፕሮቶንን በክብ መንገድ እያዞረ የሚያፋጥን ሲንክሮትሮን ከመጀመሪያው አንድ ችግር ይገጥመዋል። ቅንጣቱ ጉልበት ባገኘ ቁጥር ፍጥነቱ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ባደገ ቁጥር አንዱን ዙር የሚፈጽምበት ጊዜ ያጥራል። እንዲፋጠን የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ ግን ቅንጣቱ በደረሰበት ቅጽበት ሁሉ በትክክለኛው አቅጣጫና መጠን መገኘት አለበት። ስለዚህ የመስኩ ድግግሞሽ ከቅንጣቱ ፍጥነት ጋር እኩል መራመድ ይኖርበታል። ቭላድሚር ቬክስለር እ.ኤ.አ. በ1944፣ ኤድዊን ማክሚላን በ1945 ለየብቻቸው የደረሱበት የፌዝ መረጋጋት መርሕ ጥቃቅን ስሕተቶች ራሳቸውን እንደሚያርሙ ቢያረጋግጥም፣ ድግግሞሹ ጨርሶ ወደ ኋላ ከቀረ የሚያድነው ነገር የለም።

ኤሌክትሮን ይህ ችግር እምብዛም አይነካውም፤ በጥቂት ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ወደ ብርሃን ፍጥነት ስለሚጠጋ በቋሚ ድግግሞሽ ይሠራል። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ገደማ ስለሚከብድ ለረጅም ጊዜ ፍጥነቱን እያሳደገ ይቆያል።

በዩናይትድ ስቴትስ ኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የፈርሚላብ ቡስተር ለዚህ ጥናት ምቹ ማሳያ ነው። የቀለበቱ ዙሪያ 474.2 ሜትር ሲሆን፣ ፕሮቶኖችን በ400 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ተቀብሎ በ8 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያስረክባል። የሬዲዮው ድግግሞሽ የዙር ድግግሞሹ 84 እጥፍ ነው። በመግቢያው ጉልበት የፕሮቶኑ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 0.713 ስለሆነ ድግግሞሹ 37.9 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ በመውጫው ፍጥነቱ 0.994 ደርሶ ድግግሞሹ 52.8 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ይህ ለውጥ የሚፈጸመው በ33 ሚሊሴኮንድ ውስጥ፣ በሴኮንድ 15 ጊዜ በሚደጋገም ዑደት ነው።

ክራር ደርዳሪ ጅማቶቹን የሚቃኘው ዜማው ከመጀመሩ በፊት ነው። እዚህ ግን መሣሪያው እየተደረደረ፣ ያውም በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ሳለ ቅኝቱ መለወጥ አለበት። በጊርና በሞተር የሚንቀሳቀስ መቃኛ ይህን ፍጥነት ሊከተል አይችልም። ለውጡ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈጸም መሆን አለበት፤ ፌራይት የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፌራይት የሚያበረክተውና የሚወስደው

ማንኛውም ካቪቲ ከኢንዳክታንስና ከካፓሲታንስ ጥምረት የሚመነጭ የራሱ ድግግሞሽ አለው፤ ይህም ከሁለቱ ብዜት ዳግም ዘር ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። በካቪቲው ውስጥ መግነጢሳዊ መስክ በሚበረታበት ቦታ ፌራይት ቢቀመጥ፣ የኢንዳክታንሱ ከፊል ከፌራይቱ ፐርሚያቢሊቲ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ይሆናል። በፌራይቱ ላይ ከውጭ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ሌላ መግነጢሳዊ መስክ ሲጫንበት፣ ማለትም ባያስ ሲደረግ፣ ፐርሚያቢሊቲው ይቀንሳል፤ ድግግሞሹም ከፍ ይላል።

ፌራይት የብረት ኦክሳይድን ከሌሎች የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ጋር በመተኮስ የሚሠራ ሸክላ መሰል ቁስ ነው። ታኬሺ ታኬይና ዮጎሮ ካቶ እ.ኤ.አ. በ1930 በቶክዮ ካገኙት ወዲህ የሬዲዮ ምሕንድስና ያለ እርሱ አልኖረም። ጥቅሙ ከሁሉ በፊት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከፍተኛ መሆኑ ነው፤ ተራ ብረት በሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ውስጥ ቢገባ በውስጡ በሚሽከረከሩ ኮረንቶች ምክንያት መስኩን ከገጹ አልፎ አያስገባም፣ ከዚያም በላይ ይግላል። የኒኬልና የዚንክ ፌራይት በተለይ ተቃውሞው እጅግ ከፍ ያለ በመሆኑ በአሥር ሜጋኸርዞች ለሚሠሩ ካቪቲዎች ተመራጭ ሆኗል።

ነገር ግን ቁሱ ያለ ዋጋ አይሰጥም። የፊሊፕሱ ተመራማሪ ስኑክ በ1940ዎቹ እንዳሳየው፣ የአንድ ፌራይት መነሻ ፐርሚያቢሊቲ ከፍ ባለ መጠን ቁሱ በራሱ ሬዞናንስ የሚገባበትና ብክነቱ የሚንርበት ድግግሞሽ ዝቅ ይላል። የሁለቱ ብዜት በቁሱ የሙሌት መግነጢሳዊነት ይወሰናል። ለምሳሌ ሙሌቱ 0.3 ቴስላ የሆነ ፌራይት ቢወሰድ ብዜቱ ወደ 5.6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ፐርሚያቢሊቲው 100 ከሆነ ብክነቱ የሚያይለው በ56 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በቀጥታ በቡስተሩ የሥራ ክልል ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በ3 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ካቪቲ የሚያገለግል ፌራይት ለቡስተር አይሆንም። የእንግሊዙ አይሲስ ሲንክሮትሮን ከ1.3 እስከ 3.1 ሜጋኸርዝ ሲሄድ ፌራይቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ፐርሚያቢሊቲውን መለወጥ አለበት፤ ነገር ግን ድግግሞሹ ዝቅተኛ ስለሆነ ከፍተኛ ፐርሚያቢሊቲ ያለውን ቁስ መጠቀም ይችላል። ቡስተር የሚፈልገው ለውጥ ያነሰ ቢሆንም የሚመርጥበት የቁስ ክልል ጠባብ ነው።

ምን ያህል ለውጥ ያስፈልጋል? ከ37.9 ወደ 52.8 ሜጋኸርዝ ያለው ንጽጽር 1.39 ስለሆነ ጠቅላላ ኢንዳክታንሱ ወደ 0.514 መውረድ አለበት። ኢንዳክታንሱ በሙሉ ከፌራይት የመጣ ቢሆን የፐርሚያቢሊቲው ለውጥ 1.94 እጥፍ በበቃ። እውነተኛ ካቪቲ ግን ከፊሉ መዳብና አየር ነው። በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ ከኢንዳክታንሱ 70 በመቶው ብቻ የፌራይት ነው ቢባል ያ ክፍል ከ0.7 ወደ 0.214 መውረድ ይኖርበታል፤ ይህም 3.3 እጥፍ ነው። የፌራይቱ ድርሻ ግማሽ ከሆነ ደግሞ ድግግሞሹ የሚደርሰው ያ ድርሻ ከሞላ ጎደል ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ነው። ፌራይት ሲቀነስ ብክነት ይቀንሳል፣ ክልሉም አብሮ ይጠፋል።

ትይዩ ባያስ

በቡስተር ካቪቲዎች የተመረጠው ባያሱ ከሬዲዮው መግነጢሳዊ መስክ ጋር ትይዩ የሆነበት አደረጃጀት ነው። ፌራይቱ በቀለበት መልክ ተቆርጦ በማዕከላዊ አስተላላፊ ዙሪያ ይደረደራል፤ በአስተላላፊው ውስጥ የሚያልፈው የባያስ ኮረንት በቀለበቱ ዙሪያ የሚዞር መስክ ይፈጥራል፤ የሬዲዮው መስክም በዚያው መንገድ ይዞራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ለባያሱ የተለየ ግዙፍ ማግኔት አያስፈልግም፤ ጥቂት ሺሕ አምፔር ማቅረብ የሚችል የኃይል ምንጭ ይበቃል።

ይህ ቀላልነት የራሱ ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ጂኦሜትሪያዊ ነው፤ በአስተላላፊ ዙሪያ ያለ መስክ ከርቀት ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። 2000 አምፔር ቢፈስ ከማዕከሉ 6 ሳንቲሜትር ላይ መስኩ 5300 አምፔር በሜትር፣ 10 ሳንቲሜትር ላይ 3200 አምፔር በሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ ወደ ሙሌት ሲቃረብ ውጫዊው ገና ነው፤ አንዱ ቀለበት በአንድ ጊዜ እንደ ብዙ ቁሶች ይሠራል። ሁለተኛው ሂስቴሪሲስ ነው፤ ኮረንቱ እየወጣ ሳለ የሚሰጠው ድግግሞሽና እየወረደ ሳለ የሚሰጠው አንድ አይደሉም፤ የኮረንቱን መጠን ማወቅ ብቻ ድግግሞሹን ለማወቅ አይበቃም።

ሦስተኛው ብክነት ነው፤ ይህም በይበልጥ ሊጤን ይገባል። ባያሱ አነስተኛ በሆነበት የዑደቱ መጀመሪያ ፌራይቱ በዶሜይኖች የተከፋፈለ ነው፤ የሬዲዮው መስክ የዶሜይኖቹን ግድግዳዎች ወዲያና ወዲህ እየገፋ ጉልበት ያባክናል። ባያሱ እያደገ ሲሄድ ግድግዳዎቹ እየጠፉ ብክነቱ ይቀንሳል። በመሆኑም የካቪቲው የጥራት ቁጥር በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ በጥቂት መቶዎች ሲቆጠር በከፍተኛው ላይ በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ በቋሚ ባያስና በደካማ ምልክት የተለካ የጥራት ቁጥር ግን ያታልላል። የትይዩ ባያስ ፌራይቶች ባያሱ በፍጥነት ሲለዋወጥ ተጨማሪ ብክነት እንደሚያሳዩ፣ እንዲሁም የሬዲዮው መስክ ከተወሰነ ደረጃ አልፎ ለጥቂት ሚሊሴኮንዶች ሲቆይ ብክነቱ በድንገት እንደሚንር በተደጋጋሚ ተስተውሏል። በዝግታ የተለካን ቁጥር ለፈጣን ዑደት ሙቀት ስሌት የሚጠቀም ነዳፊ ማቀዝቀዣውን አሳንሶ ይሠራል።

ሙቀቱን ማውጣትም ቀላል አይደለም። ፌራይት ሙቀትን በደካማ ሁኔታ የሚያስተላልፍና ሲወጠር የሚሰነጠቅ ቁስ ነው። የ25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት በሁለቱም ገጹ በቀዘቀዘ መዳብ ቢታቀፍ፣ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 0.2 ዋት ቢባክንና የሙቀት አስተላላፊነቱ 4 ዋት በሜትር በኬልቪን ቢሆን፣ በመሐሉና በገጹ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ የሚያሳስብ አይመስልም። ነገር ግን ልዩነቱ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን 16 ዲግሪ ይደርሳል። ከዚህም በላይ በፌራይቱና በመዳቡ መካከል ያለው ማጣበቂያ በአንድ ቦታ ከለቀቀ ስሌቱ በሙሉ ዋጋ ያጣል። ቡስተር በረጅም ዕድሜው የዑደቱን ሙሉ ፍጥነት በተከታታይ ለመጠቀም ያልቻለበት አንዱ ምክንያት የካቪቲዎቹና የመቃኛዎቹ ሙቀት ነበር፤ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በተካሄደው የማሻሻያ ፕሮግራም መቃኛዎቹ ተፈትተው መታደስ ያስፈለጋቸውም በሴኮንድ 15 ዑደት ሁሉ ፕሮቶን እንዲሸከሙ ነው። የኒውትሪኖ ሙከራዎች የሚያገኙት የፕሮቶን ብዛት በእነዚህ የሸክላ ቀለበቶች ትከሻ ላይ ያረፈ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

ቅኝቱ የሚፈተንበት ቅጽበት

ድግግሞሹ በ33 ሚሊሴኮንድ 14.9 ሜጋኸርዝ ያድጋል ሲባል አማካዩ በሚሊሴኮንድ 0.45 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ አማካይ ግን እውነቱን ይሸፍናል። የቡስተሩ ማግኔቶች በሬዞናንስ ስለሚሠሩ መስካቸው፣ ስለዚህም የፕሮቶኑ ሞመንተም፣ በኮሳይን ኩርባ ያድጋል። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ድግግሞሹ በመጀመሪያዎቹ 8.3 ሚሊሴኮንዶች 48.6 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ይኸውም ከጠቅላላው ለውጥ 71 በመቶ ነው። በአጋማሹ ላይ 52.2 ሜጋኸርዝ ደርሶ ከ95 በመቶ በላይ ተጠናቅቋል። የቀረው ግማሽ ጊዜ ለቅኝት ከሞላ ጎደል ዕረፍት ነው። ለውጡ እጅግ የሚፈጥነው ፕሮቶኖቹ ከገቡ ከ4 ሚሊሴኮንድ ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ቅጽበት በሚሊሴኮንድ 1.73 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ የአማካዩ አራት እጥፍ ማለት ነው።

በዚያ ቅጽበት ድግግሞሹ 42.3 ሜጋኸርዝ ነው። የጥራት ቁጥሩ 300 ነው ቢባል የካቪቲው ግማሽ ባንድ ስፋት 70 ኪሎኸርዝ ይሆናል። የባያስ ኮረንቱ ከሚገባው ሰዓት በ0.05 ሚሊሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ ካቪቲው 86 ኪሎኸርዝ ከቅኝት ይወጣል፤ ፌዙ በ51 ዲግሪ ይዛነፋል፣ በእኩል የማጉያ ኮረንት የሚገኘው ቮልቴጅም ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። ማጉያው ጉድለቱን ለመሙላት ይታገላል፤ ካልቻለ ቅንጣቶቹ ከመረጋጊያው ክልል ወጥተው የቀለበቱን ግድግዳ ይመታሉ። የሚጠፋው ጨረር ብቻ አይደለም፤ የተመታው ክፍል ሬዲዮአክቲቭ ስለሚሆን ለጥገና የሚገባ ሰው የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። ለዚህም ነው የባያሱ ኩርባ አስቀድሞ ተሰልቶ እየተላከ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የካቪቲውን ፌዝ እየለካ ጥቃቅኑን ስሕተት የሚያርም ዑደት የሚጨመርበት። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው በሂስቴሪሲስና በሙቀት ይሳሳታል፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይደርስም።

ቀጤ ነክ ባያስ

ሁለተኛው አማራጭ ባያሱን ከሬዲዮው መስክ ጋር ቀጤ ነክ ማድረግ ነው። ፌራይቱ ሁልጊዜ ከሙሌት በላይ ይያዛል፤ የዶሜይን ግድግዳ አይኖርም፤ የቁሱ መግነጢሳዊነት እንደ አንድ አካል በባያሱ አቅጣጫ ቆሞ የሬዲዮው መስክ በትንሹ ያወዛውዘዋል። ፐርሚያቢሊቲው በግምት አንድ ሲደመር የሙሌት መግነጢሳዊነት ለባያስ መስክ ሲካፈል ነው። ለዚህ አሠራር አሉሚኒየም የተቀላቀለባቸው የይትሪየምና የብረት ጋርኔቶች ተመራጭ ናቸው። ሙሌቱ 0.08 ቴስላ የሆነ ጋርኔት በ0.032 ቴስላ ባያስ 3.5፣ በ0.16 ቴስላ ደግሞ 1.5 ፐርሚያቢሊቲ ይሰጣል። በዝቅተኛው ባያስ እንኳ የቁሱ የራሱ ሬዞናንስ 900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከ53 ሜጋኸርዝ በ17 እጥፍ ይርቃል። ብክነቱ ዝቅተኛ የሚሆነው በዚህ ነው፤ የጥራት ቁጥሩም ከትይዩ ባያስ በብዙ እጥፍ ይልቃል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አልተከተለውም? መልሱ በከፊል ታሪካዊ ነው። አሠራሩ በ1980ዎቹ በሎስ አላሞስ ተሞክሮ፣ በካናዳ ለታቀደው የካዎን ፋብሪካና በቴክሳስ ለተጀመረው ግዙፍ ሱፐርኮንዳክቲንግ ሱፐርኮላይደር ተጠንቶ ነበር። ሱፐርኮላይደሩ እ.ኤ.አ. በ1993፣ የካናዳው ዕቅድ በ1994 ተሰረዙ። ካቪቲዎቹ በዓመታት አገልግሎት ሊፈተኑ የሚችሉበት ዕድል ከነዕቅዶቹ ቀረ።

የቀረው የመልሱ ክፍል ምሕንድስናዊ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባያስ ከ25 ሺሕ እስከ 127 ሺሕ አምፔር በሜትር ነው፤ በትይዩ ባያስ ከተሰላው ከአምስት እስከ አርባ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህን የሚፈጥር ራሱን የቻለ ማግኔት ያስፈልጋል፤ መስኩም ወደ ፌራይቱ የሚደርሰው የካቪቲውን የብረት ግድግዳ አልፎ ነው። ግድግዳው ለሬዲዮው መስክ ዝግ፣ ለባያሱ ክፍት መሆን አለበት። ወፍራም ከሆነ በውስጡ የሚዞሩ ኮረንቶች ባያሱን ያዘገዩታል፤ ቀጭን ከሆነ ሙቀት አይሸከምም።

ከዚህም ጋር ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ከፍተኛ የጥራት ቁጥር ራሱ የቅኝቱን መቻቻል ያጠብባል። ከላይ የተሰላው የ0.05 ሚሊሴኮንድ መዘግየት በጥራት ቁጥር 300 ቮልቴጁን ወደ 63 በመቶ ካወረደ፣ በጥራት ቁጥር 1000 ወደ 24 በመቶ ያወርደዋል። ስለዚህ ቀጤ ነክ ባያስ በአንድ እጁ ኃይል እየቆጠበ በሌላው ፈጣን ባያስ ይጠይቃል፤ የግድግዳው ኮረንት ደግሞ በተቃራኒው ያዘገየዋል። «የጥራት ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ልማድ በቋሚ ድግግሞሽ ለሚሠራ ካቪቲ እንጂ ለሚቃኝ ካቪቲ ያለ ማሻሻያ አይሠራም።

ፈርሚላብ አሠራሩን ለቡስተር በሌላ መልክ መልሶ አንሥቶታል። ከ76 እስከ 106 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በመሠረታዊው ድግግሞሽ እጥፍ የሚሠራ ቀጤ ነክ ባያስ ያለው ካቪቲ ተነድፎ ተሠርቷል። ዓላማው ፕሮቶን በሚገባበት ጊዜ የመረጋጊያውን ክልል ማስፋትና የቅንጣቶችን መጨናነቅ መቀነስ ነው። እንዲህ ያለ ካቪቲ በዋናነት የሚያስፈልገው በዑደቱ የተወሰኑ ክፍሎች በመሆኑ የሙቀት ጫናው ከዋናዎቹ ካቪቲዎች ያነሰ ነው፤ አዲስ ቁስ ለመሞከርም የተሻለ ቦታ ነው።

የመግቢያው ጉልበት ሲለወጥ

ፒአይፒ ሁለት በተባለው የፈርሚላብ ዕቅድ ፕሮቶኖች ወደ ቡስተር የሚገቡት በ800 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ ዑደቱም በሴኮንድ ወደ 20 ከፍ ይላል። በመጀመሪያ እይታ ፈጣኑ ዑደት መቃኛውን የሚያስጨንቅ ይመስላል። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በ800 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የፕሮቶኑ ፍጥነት ከብርሃን 0.842 ስለሆነ የመነሻው ድግግሞሽ 44.7 ሜጋኸርዝ ነው። ለውጡ ከ14.9 ወደ 8.1 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ከላይ በተወሰደው የ70 በመቶ ድርሻ ምሳሌ የሚያስፈልገው የፐርሚያቢሊቲ ለውጥ ከ3.3 ወደ 1.7 እጥፍ ይቀንሳል። ዑደቱ በአንድ ሦስተኛ ቢፈጥንም የድግግሞሹ ከፍተኛ የለውጥ ፍጥነት በሚሊሴኮንድ ከ1.73 ወደ 1.09 ሜጋኸርዝ ዝቅ ይላል። ፌራይቱ በጣም የሚያባክንበት ዝቅተኛው የባያስ ክልልም ከነጭራሹ ይቀራል።

በሌላ በኩል የሞመንተሙ ዕድገት ስለሚፈጥን በአንድ ዙር የሚያስፈልገው ከፍተኛው የጉልበት ጭማሪ ከ590 ሺሕ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ወደ 740 ሺሕ ይወጣል። የካቪቲዎቹ ብዛትና የማፋጠኛው ፌዝ ካልተለወጡ የእያንዳንዱ ቮልቴጅ 25 በመቶ ማደግ አለበት፤ በእኩል ድግግሞሽ ሙቀቱ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ 56 በመቶ ይጨምራል። ይህ ጭማሪ የሚመጣው በዑደቱ አጋማሽ፣ ድግግሞሹ ወደ 52 ሜጋኸርዝ በተጠጋበት፣ ባያሱ ትልቅ በሆነበትና ፌራይቱ ጥቂት በሚያባክንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መቃኛው የሚጨነቅበት ቦታ ከዑደቱ መጀመሪያ ወደ መሐሉ ይሸጋገራል። የማጣበቂያውና የማቀዝቀዣ መዳቡ ፍተሻም ከእንግዲህ በ38 ሜጋኸርዝ ሳይሆን በ52 ሜጋኸርዝ፣ በሙሉ ቮልቴጅና በሴኮንድ 20 ዑደት ባያሱ እየተለዋወጠ መካሄድ ይኖርበታል።